ሩቅ እንግዳ የለመደች፣ ጎረቤት ያጣች ከተማ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና «አምቢኮ» ብላችሁ ፈልጉ። ካመጣላችሁ ቡናማ ተራራ መሃል አንዲት ነጥብ ናት። ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው ከጫፉ በፊት የመጨረሻዋን ሌሊት የሚያድረው እዚያ ነው። ከደባርቅ ይነሳል፤ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን ያልፋል፤ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ አምቢኮ ይገባል። ድንኳን ይተከላል። ገና ሳይነጋ ተነስቶ ከ4500 ሜትር በላይ ወደሆነው ጫፍ ያቀናል።

ከዚህ እንግዳ ጋር ሁልጊዜ አንድ ልጅ አለ። በቅሎ ጫኝ ነው። ድንኳኑን የጫነው፣ እሳት ዳር የተቀመጠው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «አገርህ የት ነው?» የሚለው እሱ ነው። ቱሪስት በደህናው ዘመን ሲመጣ ያደገ የአካባቢው ልጅ ቤልጂየም ከሆላንድ እንደምትዋሰን፣ ስዊዘርላንድ ባሕር እንደሌላት ትምህርት ቤት ሳይሆን እሳት ዳር ነው የሚማረው። ፈረንጆቹ ስለ ዕረፍታቸው ሲያወሩም ይሰማል፤ ባለፈው ፋሲካ ጣሊያን ነበርን፣ የሚቀጥለው ወር ስሎቬኒያ እንሄዳለን፣ በመኪና አራት ሰዓት ነው ምናምን።

እስቲ ጥያቄውን እናዙረው። ይሄ ልጅ ራሱ «በዚህ ዓመት ለዕረፍት ጎረቤት አገር ደርሼ ልምጣ» ቢል ወዴት ይሄዳል?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የደባርቅ፣ የዳባትና የስሜን ተራሮች ግርጌ ኑሮ ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚናጋ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። «ድህነት ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ አለቀ» የሚል መልስ የሚቸኩል አይጠፋም። ገንዘብ እንዳለው አድርገን እናስብና ግን መንገዱን አብረን እንሂድበት።

መጀመሪያ ፈረንጆቹ እንዴት እዚያ እንደደረሱ ባጭሩ። ጀርመንና ፈረንሳይ በሰባ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ዓለምን ይዘው የነደዱ ጦርነቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 እነሱን ጨምሮ አምስት አገሮች ሸንገን በምትባል ትንሽ የሉክሰምበርግ መንደር፣ ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው የድንበር ቁጥጥርን ለማስቀረት ፈረሙ። ሥራ ላይ እስኪውል አሥር ዓመት ፈጀ። ዛሬ አንድ የጀርመን ተማሪ አርብ ማታ ስልኩ ላይ ትኬት ቆርጦ ቅዳሜ ፈረንሳይ ቁርሱን ይበላል። ለእሱ ዕቅድ ማለት የትኛው ሆቴል ይረክሳል የሚል ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቱሪዝም ሲባል አእምሯችን ላይ የሚመጣው ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። በዓለም ላይ ድንበር ከሚሻገሩ ጎብኚዎች ከአምስቱ አራቱ ገደማ ግን ከራሳቸው አህጉር አካባቢ የማይወጡ ናቸው። የኦስትሪያን ሆቴል በአብዛኛው የሚሞላው ጀርመናዊ ነው፤ የክሮኤሺያን ባሕር ዳርቻም እንዲሁ ጎረቤቶቿ። ቱሪዝም እንጀራ የሆነላቸው አገሮች የቆሙት በጎረቤት ላይ ነው። ሩቅ እንግዳ ሲገኝ ጉርሻ ነው።

ደባርቅ ተገላቢጦሽ ናት። እንጀራዋ ጉርሻው ብቻ ነው።

አሁን መንገዱን እንሂድበት። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ሊማሊሞ አለ። ያንን ገደል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ለውበቱ አልነበረም፤ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት ነው። አዲ አርቃይ፣ ተከዜ፣ ሽሬ፣ አክሱም፣ አድዋ፣ አስመራ። ማለትም ደባርቅ በካርታ ላይ የዳር ከተማ ሳትሆን የመተላለፊያ ከተማ ሆና ነው የተቀመጠችው። ኤርትራ ከደባርቅ ሲታይ ከአዲስ አበባ በብዙ እጥፍ ትቀርባለች።

ይህ መንገድ የሰላም ዕድል አግኝቶ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት የተጀመረው ጦርነት ሃያ ዓመት ዘግቶት ከቆየ በኋላ ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። ሐምሌ 11 አውሮፕላን በረረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ተከፈተ፤ ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የታዩበትን ቪዲዮ የዚያን ጊዜ ስልክ የያዘ ሁሉ አይቶታል። የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የሁመራና የኦምሐጀር መተላለፊያ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ፊት ተከፈተ። ለዚህ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው እሱ ነበር።

ስንት ጊዜ ቆየ? ወራት። ፓስፖርት ይጠየቅ አይጠየቅ፣ ቀረጥ ይከፈል አይከፈል፣ በየትኛው ገንዘብ ይገበያይ ሳይባል የተከፈተ በር ያለ ማብራሪያ ተዘጋ። እኔ እስከዛሬ የሚቆጨኝ መዘጋቱ ብቻ አይደለም፤ አከፋፈቱም ነው። ሸንገን ላይ የፈረሙት ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቁት በዚያች እኛ በዘለልናት ዝርዝር ነገር ላይ ነው። እኛ ሪባን ቆርጠን፣ አልቅሰን፣ ፎቶ ተነስተን ወደ ቤታችን ገባን። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድም የአስመራ በረራውን አቋረጠ። ስለዚህ የእኛ ልጅ ሰሜኑን ይሰርዘዋል።

ወደ ምዕራብ ይዙር። ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር መተማ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ድንበሩን ሲያልፍ ጋላባት፣ ሱዳን። ከሰሊጥ ጋር፣ ከጉልበት ሥራ ጋር የተያያዘ የቆየ መንገድ ነው። ከዚህ አካባቢ ሱዳን ደርሶ ያልተመለሰ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ለሽርሽር የሄደ ግን አልሰማሁም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ በዋናነት የሚያመላልሰው ከእሳት የሚሸሽ ሰው ነው። ይህንንም ይሰርዘዋል።

ኬንያስ? ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ስምምነቱ ከአያቶቻችን ዘመን የመጣ ነው። ችግሩ ሞያሌ ከደባርቅ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። «ጎረቤት አገር» ለመድረስ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሰንጠቅ ነው። ወጪውን ደምሩት። ፓስፖርት በ2016 ዓ.ም. በመደበኛው 5000 ብር ገብቶ ነበር፤ በሁለት ቀን ይድረስልኝ ላለ 25,000 ብር ነበር። ዶላሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ከዚያም አልተመለሰም። ደመወዙ ግን አብሮ አልወጣም።

አውሮፓስ? ያ እሳት ዳር የተዋወቀው ፈረንጅ «ና ጎብኘኝ» ብሎት ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሠራሩን አጠበቀ፤ የማመልከቻ ማያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። የሰጡት ምክንያት መንግሥታችን ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቹን በመቀበል በኩል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። የደባርቁ ባለበቅሎ በዚህ ጉዳይ ምን አገባው አትበሉኝ፤ እኔም ያንኑ ነው የምለው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሌላ አገር ነው። ወደ አገር ውስጥ ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ጎረቤት ክልል ትግራይ ከሊማሊሞ ግርጌ ማዶ ናት። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው ጦርነት መንገዱን ዘጋው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ተከዜ ላይ ሽሬንና ጎንደርን የሚያገናኘው ድልድይ ፈረሰ። ጦርነቱ ሊማሊሞን አልፎ መጣ፤ የዳባት ወረዳዋ ጭና ላይ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ሲቪሎች ተጨፈጨፉ። ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም «በቃ፣ ቱሪስቱ ይመለሳል» ተብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ጊዜው አልቋል፤ ግጭቱ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አላለቀም።

እናንተ ይህን በስልክ የምታነቡ ሰዎች አንዲት ነገር አስቡልኝ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። አንድ አስጎብኚ ሥራው ኢሜይል መመለስ፣ ዋትስአፕ ላይ ዋጋ መነጋገር፣ ኢንስታግራም ላይ የጭላዳና የዋልያ ፎቶ መለጠፍ ነው። ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ ደንበኛው ሌላ አገር ሄዷል። ሱቅ ቢዘጋ ጎረቤት «ታሟል» ይልልሃል፤ ስልክ ሲዘጋ ግን ደንበኛ ሰነፍ ነህ ብሎ ነው የሚያልፍህ።

ጎረቤቶቹ ጭራሽ አልመጡም ማለቴ ግን አይደለም። መጥተዋል። ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ በሚባለው ስፍራ በ2014 ዓ.ም. የስደተኞች መጠለያ ተከፍቷል፤ ብዙዎቹ ማይ ጸብሪ አካባቢ ከነበሩት መጠለያዎች ጦርነት ያፈናቀላቸው ኤርትራውያን ናቸው። በመተማ በኩል ደግሞ ሱዳናውያን ገብተው ነበር፤ ከፊሎቹ መጠለያው ውስጥ ደህንነት አጥተው በ2016 ዓ.ም. ጓዛቸውን ይዘው መንገድ ላይ ወጥተዋል። እንግዲህ ያን የጀርመንና የፈረንሳይ ቅዳሜ አስታውሱት። የአስመራም የካርቱምም ሰው ስሜን ግርጌ ድረስ መጥቷል፤ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ፓርክ መግቢያ ከፍሎ፣ በቅሎ ተከራይቶ ግን አይደለም።

ጎረቤት እንዲህ ሲሆን የቀረው ሩቁ ነው። ሩቁ እንግዳ ደግሞ የሚመራው በአንድ ድረ ገጽ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። የእንግሊዝም የአሜሪካም መንግሥት ለዜጎቹ የጉዞ ምክር ያወጣል። አማራ ክልል «አትሂዱ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ፈረንጁ ፈሪ ሆኖ አይደለም የሚቀረው፤ ብዙውን ጊዜ መንግሥቱ አትሂድ ያለበት ቦታ ከሄደ የጉዞ ኢንሹራንሱ አይሠራም። 4000 ሜትር ላይ እግሩ ቢሰበር በራሱ ኪስ ነው። አስጎብኚ ድርጅቱም ኢንሹራንስ የሌለው ቡድን መላክ አይችልም። ስለዚህ ለንደን ውስጥ አንድ ባለሙያ ካርታ ላይ ቀይ ሲቀባ ደባርቅ ላይ በቅሎ ሥራ ይፈታል። ባለሙያው ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም፤ እገታና ተኩስ ባለበት መንገድ ላይ እኔም የእህቴን ልጅ አልልክም።

ይህ የሚጎዳው ሆቴል ያለውን ብቻ አይደለም። የስሜን ተራሮች ጉዞ የብዙ እጅ ሥራ ነው። አስጎብኚ አለ፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አለ፤ ምግብ አብሳይ አለ፤ በቅሎና ባለበቅሎ አለ። ሥራው በተራ ነው የሚደርሰው። ተራ ማለት ምን እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል፤ እንግዳ ሲበዛ ተራው ቶሎ ይመለሳል፣ ልጅ ደብተር ይገዛለታል። እንግዳ ሲጠፋ ተራው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሌላም አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ግጭ መንደርን ማንሳት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ገብሳቸውንና ግጦሻቸውን ትተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ፓርኩ እንዲያገግም፣ ዋልያው እንዲተርፍ፣ ቱሪዝሙ እንዲያድግ ተብሎ ነው። እነሱ የድርሻቸውን ከፍለዋል። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ሌላ ጦርነት። እርሻው የለም፤ እንግዳውም የለም።

መፍትሔው ምንድን ነው ለሚል፣ ወረቀት አላነሰንም። የአፍሪካ ኅብረት የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየፓርላማቸው ሊያጸድቁት ይገባል፤ እስካሁን ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ኢጋድም የራሱን የነፃ ዝውውር ሰነድ አዘጋጅቶ በ2012 ዓ.ም. የካቲት ሚኒስትሮች ካርቱም ላይ ተስማምተውበታል። ካርቱም ላይ! ያንን ስምምነት ያስተናገደችው ከተማ ከሦስት ዓመት በኋላ የራሷ ነዋሪ ሰፈር ለሰፈር መሻገር ያልቻለባት ሆነች። ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአፍሪካውያን በሙሉ እንደደረሱ ቪዛ እሰጣለሁ ማለቷ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቦሌ ላይ የሚሰጥ ቪዛ ሊማሊሞን አይከፍትም።

የእኔ ግምት ይሄ ነው። ለደባርቅ ዋናው አጥር ቪዛም ዶላርም አይደለም። ዋናው አጥር ከደባርቅ ጎንደር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ነው። ቪዛ ቢያንስ በስንት ቀን እንደሚወጣ ይነገራል። መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ የሚነግርህ የለም፤ ማታ ሾፌር ደውሎ «ነገ አንንቀሳቀስም» ይልሃል፣ በቃ። ጉዞ ለማቀድ ቀን ያስፈልጋል፤ ቀን ያጣ ሰው ሠርግም ቀብርም እንጂ ሽርሽር አያስብም። ጎረቤት አገር ለመሄድ የሚያስብ ትውልድ ከመፈጠሩ በፊት ጎረቤት ከተማ ሄዶ ማታ ቤቱ የሚመለስ ትውልድ መኖር አለበት።

ደግሞም እውነቱን እንናገር፣ ለስሜን የሚቀርበው ጎረቤት የአስመራም የናይሮቢም ሰው አይደለም፤ የራሳችን ሰው ነው። የጎንደር፣ የባሕር ዳር፣ የአዲስ አበባ፣ የመቀሌ ወጣት። ስንቶቻችን ነን ዱባይን በቲክቶክ ሰፈር በሰፈር የምናውቅ፣ ጨነቅ ላይ ቆመን ገደሉን ያላየን? በደህናው ጊዜም ቢሆን ፓርኩን በብዛት የሚሞላው ፈረንጅ ነበር፤ የአገር ልጅ ተራራ ለመውጣት ገንዘብ መክፈልን እንደ እብደት ያየው ነበር። እሱ አስተሳሰብ እየተቀየረ ነው፤ የእግር ጉዞ ቡድኖች አዲስ አበባ ዙሪያ በየቅዳሜው ሲወጡ ታያላችሁ። ፍላጎቱ መጣ፣ ስልኩ መጣ፣ ገንዘቡም ትንሽ ትንሽ መጣ። መንገዱ ሄደ።

አየር መንገዱ ጎንደር ይበርራል። ለጥምቀት ቲኬት ቆርጠው የሚሄዱ አሉ፤ ፋሲል ግንብ ፎቶ ይነሳሉ፣ የፋሲል ጥምቀተ ባሕርን ያያሉ፣ ጎርጎራ የሚደርሱም አይጠፉም። ደባርቅ ከዚያ በአስፋልት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ከእነዚህ አንዱን «እዚህ ድረስ መጥተህ ስሜንን ሳታይ?» በሉት። ስለ ዋጋው አይጠይቃችሁም፤ ስለ ብርዱም አይጠይቃችሁም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላችኋል።